እምቦጭ ከተነቀለ በኋላ ሐይቁ ማገገሙን እንዴት እንለካለን?

«ይህን ያህል ሄክታር ነቀልን» የሚል ሪፖርት የሰዉን ድካም ይናገራል እንጂ የሐይቁን ጤና አያሳይም። ጣና ላይ እምቦጭ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታየ ወዲህ ብዙ ዘመቻ ተደርጓል። ውጤቱን ማወቅ የሚፈልግ ሰው መለካት ያለበት ገና ነቀላው ሳይጀመር ነው።

መጀመሪያ ሁለት ቦታ ምረጡ፤ አንዱ የሚነቀልበት፣ ሌላው የማይነካ። አንዱ ርብ ወንዝ መግቢያ አጠገብ ከሆነ ሌላውም ወንዝ የሚገባበት ይሁን። ያልተነካውን ቦታ እንደ ትርፍ ሥራ አትዩት። እምቦጭ ከክረምት በኋላ ይስፋፋል፤ በጋ ላይ ውሃው ሲሸሽ ደግሞ ዳር ቀርቶ በራሱ ይደርቃል። የጥቅምቱን ከመጋቢቱ ጋር ያወዳደረ ሰው የበጋውን ሥራ ለዘመቻው ይሰጣል። ጥቅምትን ከጥቅምት ጋር ብቻ አወዳድሩ።

ሌላው አሳሳች ነገር ነፋስ ነው። ተንሳፋፊውን አረም በአንድ ሌሊት ወደ ሌላ ዳርቻ ይገፋዋል፤ የጠፋ ይመስላል፣ ግን የጎረቤት ቀበሌ ጋ ደርሷል። ስለዚህ ሦስት ቀን በተከታታይ፣ ማለዳ ነፋሱ ሳይነሳ፣ ዳሩን በጀልባ እየዞራችሁ በጂፒኤስ መዝግቡ። የሴንቲኔል-2 የሳተላይት ምስል ነጻ ነው፤ ዝርዝሩም 10 ሜትር ድረስ ነው፤ አንዷ የምስል ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር ቦታ ታሳያለች ማለት ነው። ክረምት ላይ ግን ደመና ይጋርደዋል፤ ፎገራ አካባቢ ደግሞ የሩዝ ማሳን ከእምቦጭ ጋር ሊያምታታ ይችላል። ዳር ወርዶ በዓይን ሳያረጋግጡ ቁጥሩን ማመን አይገባም።

ክብደቱን ለማወቅ 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ የፕላስቲክ ቱቦ ፍሬም አረሙ ላይ ጣሉ፤ ውስጡ ያለውን አውጥታችሁ ውሃው ተንጠፍጥፎ ሲያበቃ መዝኑ።

ውሃው ምን ያህል እንደጠራ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ጥቁርና ነጭ የሴኪ ዲስክ፣ በጀልባው ጥላ በኩል ለኩ። ዲስኩን ወደ ውሃው ስታወርዱት ከዓይን ሲጠፋና ስትስቡት ተመልሶ ሲታይ ያለውን ጥልቀት አማካዩን ያዙ። ውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ጎህ ሲቀድ ለኩ፤ ዝቅ የሚለው ያኔ ነው። ጣና ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ የኦክስጅን መለኪያውን በዚያው ከፍታ አስተካክሉት፤ በባሕር ወለል ልክ የተተወ መሣሪያ የሙሌቱን መቶኛ፣ ማለትም ውሃው ሊይዝ ከሚችለው ኦክስጅን ስንት በመቶውን እንደያዘ የሚያሳየውን ቁጥር፣ ያዛባል።

ከነቀላው በኋላ በየወሩ ተመለሱ። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያልና ውሃው በሸሸበት ጭቃ ላይ አዲስ ቡቃያ ቁጠሩ። ዳር የተከመረውንም መዝግቡ፤ ሳይነሳ ክረምት ከደረሰበት፣ ሐይቁ ሲሞላ መልሶ ይወስደዋል።