ጫማ የሌለው ፈረስ በደን ትራክ ላይ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መላው

ፈረሱ በለስላሳው የደን መንገድ ላይ ደህና አድርጎ ይሄዳል። ኮረኮንች ላይ ሲደርስ ግን ሌላ ፈረስ ይሆናል። አንገቱን ዝቅ ያደርጋል፣ እርምጃው ያጥራል፣ ወደ ዳሩ ሣር ይጎትታችኋል። ሊበላ መስሏችሁ ልጓሙን ትስባላችሁ። እሱ የፈለገው እግሩን የሚያሳርፍበት ቦታ ነው።

በዚህ ጊዜ ሁሉም ሰው የሚለው አንድ ነው፦ «ብረት ጫማ ይመታለት!» ቆይ፣ አትቸኩሉ።

ትራክ ስንል እንዲህ ነው። ፈረሶቹ ሰፊ መስክ ላይ አይለቀቁም። በዛፎቹ መሐል ከ3 እስከ 5 ሜትር የሚሰፋ፣ ዞሮ የሚገጥም መተላለፊያ ይታጠርላቸዋል። ድርቆሹ በአንድ በኩል፣ ውሃው በሌላ በኩል ይሆናል። ለመብላትና ለመጠጣት ቀኑን ሙሉ ይመላለሳሉ። ባለቤቱ ለማቆያው ይከፍላል፣ ሲመቸው መጥቶ ይጋልባል። ጣጣውም እዚህ ላይ ነው። ጋላቢው ሰኮናውን የሚያየው በቀን አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። ቀሪውን 23 ሰዓት ሰኮናው ትራኩ ላይ ነው። ስለዚህ ከታች ያሉት መፍትሄዎች አብዛኞቹ ከሰኮናው ይልቅ መሬቱንና ድርቆሹን የሚነኩ ናቸው።

ኮረኮንች ላይ ይሳቀቃል

መጀመሪያ መቼ እንደጀመረው አስታውሱ። መልሱ ግማሹን ሥራ ይጨርስላችኋል።

ብረቱ በቅርቡ ከወለቀ፣ የሰኮናው ወለል ገና ስስ ነው። የሰኮና ግድግዳ በወር ከ6 እስከ 10 ሚሊሜትር ያህል ያድጋል። ከፀጉሩ ሥር ተነስቶ የፊቱ ጫፍ እስኪደርስ ከ9 እስከ 12 ወር ይፈጃል። በሁለት ሳምንት ተአምር አትጠብቁ። እስከዚያው ለግልቢያ የጎማ የሰኮና ጫማ አድርጉለት። አንዳንዱ ሰው ይህን እንደ ሽንፈት ያየዋል። እኔ አይገባኝም። ፈረሱ ሳይሳቀቅ በሙሉ እግሩ ከረገጠ ሰኮናው ይጠነክራል፤ እየተሳቀቀ ከሄደ ግን አረማመዱም ይበላሻል።

የጀመረው ሰኮናው ከተከረከመ ማግስት ከሆነ፣ ምናልባት ወለሉ ተፍቋል። ከርካሚውን በግልጽ ጠይቁት። ጤነኛውን ወለል «ለማሳመር» መፋቅ ለዚህ ፈረስ የተፈጥሮ ጫማውን መግፈፍ ነው።

ከረጅም ዝናብ በኋላ ከሆነ፣ ሰኮናው ውሃ ጠጥቶ ለስልሷል። መድኃኒቱ ደረቅ መቆሚያ ነው። ውሃ ገንዳው ፊት ለፊትና ድርቆሹ ዙሪያ ከ10 እስከ 20 ሚሊሜትር የሚሆን ድቡልቡል ጠጠር አፍስሱ። ሹል ጠጠር አይደለም፣ ድቡልቡል። ፈረሱ እየበላ፣ እየጠጣ፣ ቆሞ እያንቀላፋ ሳያስበው ወለሉን ያሠለጥናል።

ዝናብም ክርከማም ሳይኖር፣ ሣር ከለመለመ በኋላ ከመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። «ሰኮናው ይሞቃል» የሚለውን ክፍል አሁኑኑ አንብቡ።

አንድ ነገር ደግሞ በስልካችሁ ቅረጹ። ፈረሱ በጠንካራ ሜዳ መሬት ላይ ሲራመድ ከጎን፣ ዝቅ ብላችሁ፣ በዝግታ በሚያሳየው ቅንብር። ተረከዙ ቀድሞ ወይም እኩል ከነካ ደህና ነው። የፊቱ ጫፍ ቀድሞ የሚነካ ከሆነ ፈረሱ ተረከዙን እየሸሸ ነው። የሚሸሽበት ምክንያት ደግሞ ብዙ ጊዜ በአፍንጫ ይገኛል።

ሰኮናው ይሸታል

እግሩን አንሱና ጭቃውን ጥረጉ። ከሥሩ መሐል ላይ ሦስት ማዕዘን የሆነ፣ ጎማ የሚመስል ክፍል አለ። ጤነኛ ሲሆን ሰፊና ጠንካራ ነው፤ በመሐሉ ያለው ስርጉድ አውራ ጣት የሚያርፍበት ያህል ብቻ ነው። የታመመው ሲጠረግ ጥቁር ቅባት መሳይ ነገር ይወጣል። ሽታው እጅ ላይ ይቀራል፤ በሳሙና ታጥባችሁም ማታ ትዝ ይላችኋል። ስርጉዱ ወደ ስንጥቅነት ተለውጦ ተረከዞቹ መሐል ድረስ ይገባል። በጥጥ ስትነኩት እግሩን ከነጠቃችሁ፣ ኮረኮንች ላይ የሚሳቀቀው ለምን እንደሆነ አገኛችሁት ማለት ነው።

መንስኤው አየር የማይወዱ ባክቴሪያዎች ናቸው። እርጥበት፣ ፋንድያና እንቅስቃሴ ማጣት ያራቧቸዋል። ደን ውስጥ ጥላው ስለሚበዛ መሬቱ ቶሎ አይደርቅም፤ ፈረሶቹም ድርቆሹ ጋ ለሰዓታት የራሳቸው ፋንድያ ላይ ይቆማሉ።

በየቀኑ ጥረጉ፣ አድርቁ። ከዚያ ስንጥቁ ውስጥ ዚንክ ኦክሳይድ ቅባት የተቀባ ፋሻ በቀስታ ሰክታችሁ በየቀኑ ቀይሩ። ፎርማሊንም ሆነ ጠንካራ ፐርኦክሳይድ አታፍስሱ፤ ጀርሙን ሲገድል ሕያው ሥጋውንም ያቃጥላል። ሽታው ሲጠፋ አታቁሙ። ስንጥቁ ሞልቶ ወደ ስርጉድነት እስኪመለስ ቀጥሉ። ድርቆሹ ዙሪያ ያለው ፋንድያ በየቀኑ ካልተነሳ ግን በጥቂት ሳምንት ውስጥ እዚያው ትመለሳላችሁ።

ትራኩ ራሱ ጭቃ ሆኗል

ይህችን በገዛ ኪሴ ተምሬያታለሁ። ጭቃውን ይሸፍንልኛል ብዬ የተፈጨ እንጨት አስመጥቼ በቀጥታ ላዩ ላይ አስደፋሁ። ሲያዩት ምንጣፍ ነበር። ዝናቡ አልፎ ቅጠል ሲረግፍበት በስብሶ ውሃ የሚይዝ ስፖንጅ ሆነ። ከዚያ በአካፋ ማውጣቱ ከማስገባቱ የባሰ ሆነብኝ። እንጨት ደን ውስጥ ይበሰብሳል፤ ይህንን ሳላስብ መቅረቴ እስካሁን ያስቀኛል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ውሃው የሚወርድበትን ቦይ አውጡ። ጭቃውን ጥረጉ። ውሃ የሚያሳልፍ የግንባታ ጨርቅ አንጥፉ፤ ይህ ጠጠሩ ወደ አፈሩ እንዳይሰምጥ ነው። ከዚያ ሻካራ ድንጋይ፣ በላዩ ደቃቅ ጠጠር። ዙሪያውን በሙሉ ለመሥራት አቅም ካጠረ በሩን፣ ውሃውንና ድርቆሹን ብቻ አስቀድሙ። ፈረሶች ረጅም ሰዓት የሚቆሙት እዚያ ነው። የረገፈ ቅጠል ሳይበሰብስ ይጠረግ።

ጭቃ ውስጥ የሚውል ፈረስ ከሰኮናው በላይ ባለው ቆዳ ላይም ቅርፊት ያወጣል። በየቀኑ ማጠብ ያባብሰዋል። ጭቃው ይድረቅና በብሩሽ ይነሳ። እግሩ ካበጠ ሐኪም ይየው።

ሰኮናው ይሞቃል፣ ድንገት ያነክሳል

ከቁርጭምጭሚቱ በስተኋላ፣ ግራና ቀኝ፣ ሁለት ጣት አሳርፉ። ጤነኛ ፈረስ ላይ ትርታው እምብዛም አይሰማም። ዛሬ፣ ፈረሱ ደህና ሳለ፣ ተለማመዱት። በክፉ ቀን መፈለግ አያምርም።

አንድ እግር ብቻ ከሆነ፣ ትናንት ደህና የነበረው ዛሬ መርገጥ ካቃተው፣ ብዙ ጊዜ ሰኮናው ውስጥ መግል ቋጥሯል። ሐኪም ወይም የሠለጠነ ከርካሚ ያፈስሰዋል። ራሳችሁ በቢላ አትቆፍሩ። የቴታነስ ክትባቱ ያላለፈበት መሆኑንም አረጋግጡ። ሚስማር ተሰክቶ ካገኛችሁ ሐኪም ሳታማክሩ አትንቀሉት፤ ምን ያህል እንደገባ የሚታየው እዚያው እያለ ነው።

ሁለቱም የፊት እግሮች ከሞቁ፣ ትርታው በኃይል ከመታ፣ ፈረሱ ክብደቱን ወደ ኋላ ጥሎ ከቆመና መዞር ካስቸገረው ግን ላሚናይተስ ነው ብላችሁ ገምቱ። ሰኮናውን ከአጥንቱ ጋር የሚያያይዘው ክፍል ታሟል ማለት ነው። በዚያው ቀን ሐኪም ይጠራ። አታራምዱት። የሚቆምበትን ቦታ በወፍራሙ አለስልሱለት፤ ከሣር አርቁት።

ብዙ ጊዜ ሥሩ ስኳርና ኢንሱሊን ነው። «ትራክ ላይ ነው፣ ሣር የለውም» ብሎ መዘናጋት ብዙ ሰው ይጎዳል። ድርቆሹም ስኳር ይኖረዋል። ስኳርና ስታርቹ ተደምሮ ከ10 በመቶ በታች የሆነ ድርቆሽ ለእንዲህ ያለ ፈረስ ይመከራል፤ ይህ በዓይን አይለይም፣ ላቦራቶሪ ይለየዋል። ካልተመረመረ ለአንድ ሰዓት ያህል ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት፤ ከስኳሩ የተወሰነው ይወጣል። የተዘፈዘፈበትን ውሃ ድፉት፤ ፈረስ እንዳይጠጣው። ማስራብ ግን አይሞከርም። የወፈረ ፈረስ ድንገት ሲራብ የሰውነቱ ስብ ወደ ደሙ ይጎርፍና ራሱ በሽታ ይሆናል። ክብደት መቀነስ ላለበት ፈረስ የተለመደው መጠን በቀን ከክብደቱ 1.5 በመቶ ያህል ነው፤ 400 ኪሎ ለሚመዝን ወደ 6 ኪሎ መሆኑ ነው።

ሽንቱ ጠቆረ፣ ተንቀጠቀጠ

ይህ የሰኮና ጉዳይ አይደለም፣ ግን የደን ትራክ ካላችሁ ልታውቁት ይገባል። ሲካሞር ሜፕል የሚባል ዛፍ አለ። መዝገበ ቃላት ሲካሞርን ሾላ ሊላችሁ ይችላል፤ ዘኬዎስ የወጣበት ሾላ ግን ሌላ ዛፍ ነው። የዚህኛው ፍሬ ክንፍ አለው፣ እየተሽከረከረ ይወርዳል። በፍሬውና በቡቃያው ውስጥ ያለው ሃይፖግላይሲን ኤ የተባለ መርዝ ጡንቻን ይገድላል። የፈረሱ ሰውነት ይገተራል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ሽንቱ እንደ ቡና ይጠቁራል። እየበላም ሊሆን ይችላል፤ አያታላችሁ። አታንቀሳቅሱት፣ ሐኪም በፍጥነት ጥሩ። ብዙዎቹ አይተርፉም።

ዛፉ ካለ መስመሩን አርቃችሁ እጠሩ። ፍሬው በንፋስ ስለሚጓዝ አጥሩ ብቻውን አይበቃም፤ ትራኩ ላይ የወደቀውን ልቀሙ። ቡቃያውን አጭዶ እዚያው መተውም አይሠራም፤ መርዙ አብሮ ይቀራል። ኦክ የሚባለው ዛፍ ፍሬም ሲበዛ ኩላሊትና አንጀት ይጎዳል። ዪው የሚባለው ዛፍ ደግሞ ትራኩ አጠገብ ጨርሶ መኖር የለበትም፤ ጥቂት ቅጠሉ ይገድላል።

ቅርፊት ይልጣል ወይም አንድ ቦታ ተገትሮ ይውላል

ዛፍ የሚልጥ ፈረስ ብዙ ጊዜ ድርቆሽ አልቆበት ነው። ጠዋት ሰጥቶ እስከ ማታ መጥፋት አይሆንም። ቀዳዳው ጠባብ የሆነ መረብ ያንኑ ድርቆሽ ያቆየዋል።

የማይንቀሳቀስ ፈረስ ሲገጥማችሁ ደግሞ «ሰነፍ ነው» ከማለታችሁ በፊት አንድ ግማሽ ቀን ቁጭ ብላችሁ እዩ። ውሃና ድርቆሹ ጎን ለጎን ከሆኑ ለምን ይሄዳል? ወይ አንዷ ጉልበተኛ ባዝራ ጠባቧን መተላለፊያ ዘግታ ቆማለች። ድርቆሽ የሚሰቀልበትን ቦታ ከፈረሶቹ ቁጥር በአንድ አብልጡ። መውጫ የሌለው ጥግ አይኑር። ድርቆሽ ያለበትን አስፉት።

የሰኮናው ጫፍ ይሰነጠቃል፣ ወደ ውጭ ይዘረጋል

ለስላሳ የደን መሬት ሰኮናን በበቂ አይሞርደውም። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ይከርከም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሰኮናው ካልተሻሻለ አጥሩ ላይ ሰሌዳ ስቀሉ፦ ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳበላው የሚጻፍበት። ባለማቆያው ድርቆሹን እየዘፈዘፈ፣ ባለቤቱ ማታ ማታ ካሮትና ፉርሽካ በባልዲ ሲያመላልስ አይቻለሁ።