ያልተለመዱ መስቀለኛ ቃላትን እንዴት መፍታት ይቻላል?

ተራው መስቀለኛ ቃላት የዕውቀት ፈተና ነው፤ የከተማ፣ የወንዝ ወይም የንጉሥ ስም ይጠየቃል፣ ያወቀ ይሞላል፣ ያላወቀ ያልፋል። እዚህ የማብራራው ግን ፍንጩ ራሱ እንደ ቅኔ ሰምና ወርቅ ያለውን፣ መልሱ ሲገኝ «እንዴት እስካሁን አልታየኝም!» የሚያሰኘውን ዓይነት ነው። ክረምት ላይ ጅማ ውስጥ ዝናቡ አንዴ ከጀመረ ቶሎ ስለማይለቅ፣ በረንዳ ላይ በርጩማ ስቦ አንዱን እስከ መጨረሻው ለመፍታት የሚበቃ ጊዜ አይጠፋም።

በመጀመሪያ እርሳስና ላጲስ ያዘጋጁ። በእስክሪብቶ የሚሞሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ አላምናቸውም። ቀጥሎም አዘጋጁ ሞክሼ ፊደላትን እንዴት እንደሚቆጥር ይመልከቱ። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንደ አንድ የሚቆጠሩ ከሆነ መንገዱ ሰፊ ነው፤ ካልሆነ ግን ቃሉን አግኝተውት እንኳ ሳጥኑ እምቢ ሊልዎ ይችላል።

ሁለተኛው እርምጃ እያንዳንዱን ፍንጭ ሁለት ጊዜ፣ አንዴ እያላሉ አንዴ እያጠበቁ ማሰብ ነው። በጽሑፋችን መጥበቅና መላላት ስለማይታይ አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ደብቆ ይቀመጣል፤ የጨዋታው ትልቁ ደስታም ለእኔ እዚህ ላይ ነው። «ታኅሣሥ 29 ቀን ከች ቢልም አልደረሰም» የሚል ባለ ሁለት ፊደል ፍንጭ ቢገጥምዎ በዓሉን አጥብቀው፣ ያልደረሰውን አላልተው ያንብቡ፤ መልሱ «ገና» ነው። (በዘመነ ዮሐንስ በዓሉ በ28 እንደሚውል የሚያስታውስ ተከራካሪ አይጠፋም፤ ልክ ነው፣ መልሱ ግን አይለወጥም።) «ወንዝ ውስጥ የሚደረግ፣ ከሁሉም የሚበልጥ» የሚለውም በዚሁ መንገድ «ዋና»ን ይሰጣል። አንዳንዱ ደግሞ ማጥበቅና ማላላት እንኳ አያስፈልገውም፦ «አልወደደም፤ በጋን የተጠመቀው»፣ ማለትም «ጠላ»።

ሦስተኛ፣ በፍንጩ ውስጥ «ቢገለበጥ»፣ «ወደ ኋላ»፣ «ቢመለስ» የሚሉ ቃላት ካሉ ቃሉን ከቀኝ ወደ ግራ ያንብቡት። «የሰራ ሰው ቢገለበጥ ዝናብ የመታው ይሆናል» ሲባል መልሱ «ራሰ» ነው። በንጉሡ ሠ ካልጻፉት ብቻ፤ የሞክሼ ፊደላቱን ደንብ አስቀድመው እንዲያዩ ያልሁት ለዚህ ነው።

አራተኛው እርምጃ ሳይሻገሩ አለማመን ነው። አርተር ዊን እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 1913 በኒው ዮርክ ወርልድ ጋዜጣ ላይ የመጀመሪያውን መስቀለኛ ቃላት ሲያወጣ በእያንዳንዱ ሳጥን የገባው አንድ የላቲን ፊደል ነበር፤ የእኛ ሳጥን ግን ተነባቢና አናባቢን በአንድነት ስለሚይዝ፣ አግድሙና ቁልቁሉ በቤታቸው ብቻ ሳይሆን ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያለ እስከ ሳብዕ በሚሄደው ረድፍም መገጣጠም አለባቸው። እኔ አንድ ጊዜ «ከአምስቱ የጊቤ መንግሥታት አንዱ፣ በሁለት ፊደል» የሚል አግድም ፍንጭ አይቼ ሳላመነታ «ጉማ» ብዬ ሞላሁ። ጅማና ጌራም በሁለት ፊደል ይጻፋሉ፤ እኔ ግን ጉማን ለምን እንደመረጥሁ ዛሬም አላውቅም። ቁልቁሉ «ከጤና ጋር ሲሆን የሚመረጥ፣ በሦስት ፊደል» ይል ስለነበር በጉ የሚጀምር ምግብ ስፈልግ «ጉበት» ላይ ደርሼ ግማሽ ሰዓት ቆየሁ። የፍንጩ ቀሪ ክፍል «መኪናም አይሄድ ያለ እርሱ» እንደሚል ልብ ብዬ ያነበብሁት ቡናው ሁለተኛ ከወረደ በኋላ ነው። «ጎማ» ነበር፤ ቁልቁሉም «ጎመን በጤና» የሚባልለት ጎመን። አንድ ማዕዘን ሙሉ በላጲስ ሄደ።

በመጨረሻ የተረፉትን ፍንጮች አንድ ፊደል ስለ መጨመር ወይም ስለ መቀነስ ይናገሩ እንደሆነ ይመርምሩ። «ከተማዋ ት ቢከተላት ሥጋን ከአጥንት ታያይዛለች» ቢባል ከተማዋን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ «ጅማት» ነው። ይህን ፍንጭ አብሮኝ ለሚፈታው ጎረቤቴ ሰጥቼው ነበር። እዚሁ ከተማ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፤ ከአዲስ አበባ እስከ አጋሮ ያሉትን ከተሞች ሁሉ ት እየጨመረባቸው አንድ በአንድ ሲሞክር ዝናቡ አባራ።