የከርኒሃንና የሪቺን የሲ መጽሐፍ አጣጥሞ ለማንበብ

ብራያን ከርኒሃንና ዴኒስ ሪቺ ቤል ላብስ ሳሉ የጻፉት ስለ ሲ የፕሮግራም ቋንቋ የሚያስተምረው «ዘ ሲ ፕሮግራሚንግ ላንጉዌጅ» ቀጭን ነው፤ 300 ገጽ እንኳ አይሞላም። ሲገዙም ሲዋሱም ሁለተኛውን እትም (1988) ይምረጡ፤ የ1978ቱ ፈንክሽን የሚጽፍበት መንገድ አርጅቷል። ቅጥነቱ ግን ያዘናጋል። እንደ ልብ ወለድ ተጋድመው ከጨረሱት ምንም አይቀርዎትም። ጣዕሙ ያለው ኪቦርዱ ላይ ነው።

መጀመሪያ የሚገጥምዎት እንቅፋት ከዘመን ልዩነት የመጣ ነው። መጽሐፉ ሜይንን (ፕሮግራሙ የሚጀምርበትን ፈንክሽን) ያለ ኢንት (የሙሉ ቁጥር ዓይነት) ይጽፋል፤ ያኔ ይፈቀድ ነበር፣ ጂሲሲ 14 የተባለው ኮምፓይለር (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም) ግን ስህተት ብሎ ይመልሰዋል። ኢንት ይጨምሩበት። ክፍል 1.9 ላይ ያለው፣ አንድ መስመር የሚያነበው ጌትላይንም ሊኑክስ ላይ ከሲስተሙ ጌትላይን ጋር በስም ስለሚጋጭ ስሙን ይቀይሩት።

ሌላ ቋንቋ ቢያውቁም ምዕራፍ 1ን አይዝለሉ። የፋራናይትና የሴልሺየስ ሠንጠረዥ ላይ በ5 ማባዛቱ ለምን ይቀድማል? በሙሉ ቁጥር 5/9 ዜሮ ስለሆነ ነው። ሆን ብለው 5ን ለ9 አስቀድመው ያካፍሉና ያሂዱት፤ የሴልሺየሱ ዓምድ ከላይ እስከ ታች ዜሮ ይደረድራል። እያንዳንዱን ፕሮግራም እንዲህ እያበላሹ ማየት ነው የመጽሐፉ ደስታ።

ከግብዓት አንድ ካራክተር የሚያነበውን የጌትቻርን ውጤት በኢንት ፈንታ በቻር (በአንድ ባይት ዓይነት) ቢቀበሉስ? የግብዓቱ መጨረሻ የሚገለጸው በኔጌቲቭ ቁጥር ነው። ራስበሪ ፓይ ላይ፣ በሊኑክስ፣ ቻር ኔጌቲቭ ቁጥር ስለማይዝ ፕሮግራሙ የግብዓቱን መጨረሻ አያውቅም፤ ሲዞር ይኖራል። ኢንቴል ላፕቶፕ ላይ ደግሞ 255 የሆነ ባይት መጥቶ እንደ መጨረሻ እስኪቆጠር ድረስ ጤነኛ ይመስላል፤ ይሄኛው ይብሳል። (ከኪቦርድ ሲያስገቡ መጨረሻው ሊኑክስ ላይ ኮንትሮል-ዲ፣ ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል-ዜድና ኢንተር ነው።)

አሁን ምዕራፍ 1 ላይ ላለው የካራክተር ቆጣሪ ፕሮግራም አማርኛ ይስጡት። ሊኑክስ ተርሚናል ላይ «ሰላም» ብለው ኢንተር፣ ከዚያም ኮንትሮል-ዲ ቢጫኑ 4 ሳይሆን 10 ይላል። በዩቲኤፍ-8 (ፊደላት በባይት የሚጻፉበት ደንብ) እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ አሥረኛው የመስመር መጨረሻው ነው። ደራስያኑ አልተሳሳቱም፤ እዚህ ካራክተር ማለት አንድ ባይት ነው። መልመጃ 1-19 ስትሪንግ (የካራክተሮች ድርድር) ገልብጡ ይላል፤ በአማርኛ ከሞከሩት ባይቶቹ ይዘበራረቁና ፊደሉ ይፈርሳል። ሦስቱን ባይቶች ሳይለያይ የሚገለብጥ ይጻፉ፤ ክፍት ቦታ ግን አንድ ባይት ብቻ መሆኑን እንዳይረሱ።

ምዕራፍ 2ና 3ን ቶሎ ይለፏቸው። ምዕራፍ 5 ላይ ሲደርሱ እርሳስና ወረቀት ይያዙ። ክፍል 5.5 ስትሪንግ መቅዳትን አራት ጊዜ ደጋግሞ ይጽፋል፣ በየጊዜው እያሳጠረ፤ መጨረሻ ላይ ሉፑ (የሚደጋገመው ዙር) ውስጡ ባዶ ይሆናል። ፖይንተሮቹን (የማኅደረ ትውስታ አድራሻ የሚይዙትን) ቀስት፣ ማኅደረ ትውስታውን ሣጥን አድርገው በየዙሩ ይሳሉ። ሉፑ የሚቆመው የተቀዳው ባይት ራሱ ዜሮ ሲሆን ነው። ኮምፓይለሩ እኩል ምልክቱን ጠርጥሮ ቢያስጠነቅቅዎት አይደንግጡ፤ ማስቀመጥ እንጂ ማነጻጸር አይደለም። ክፍል 5.12ን በመጀመሪያው ንባብ ይተዉት።

ምዕራፍ 8 ዩኒክስ ወይም እንደ ሊኑክስ ያለ ተመሳሳዩን ሲስተም ይፈልጋል፤ ዊንዶውስ ያለው ሰው ደብሊው ኤስ ኤል (ሊኑክስን ዊንዶውስ ውስጥ የሚያስኬደውን) ይጫን። ክፍል 8.7ን ለመጨረሻ ያቆዩት። የተዋስነውን ማኅደረ ትውስታ የሚመልሰው ፍሪ የተባለ ፈንክሽን ስንት ባይት እንደሚመልስ ማንም ሳይነግረው እንዴት ያውቃል የሚለው ጥያቄ እዚያ ይፈታል፦ መጠኑ፣ ፖይንተሩ ከሚያመለክትበት ቦታ ቀደም ብሎ ባለችው ትንሽ ሄደር ውስጥ ተጽፏል።