የምግብ ቧንቧ ከወጣ በኋላ መዋጥ ሲያስቸግር ምን ይደረጋል?

የምግብ ቧንቧ በካንሰር ምክንያት ተቆርጦ ሲወጣ፣ ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ ጨጓራውን እንደ ቱቦ አጥብበው ወደ ላይ ይስቡትና ደረት ውስጥ ወይም አንገት ላይ ከቀረው ቧንቧ ጋር ይሰፉታል። ከዚያ በኋላ ጨጓራው እንደ ድሮው አይደለም። ብዙ አይዝም፤ ምግብ ወደ ላይ እንዳይመለስ የሚያግደው በር ወጥቷል፤ የሚያንቀሳቅሰው ነርቭም አብሮ ተቆርጧል። ስለዚህ ታካሚው «አልወርድ አለኝ» ሲል ችግሩ አንድ ዓይነት ላይሆን ይችላል። ይህ ጽሑፍ ሀዋሳ ላይ እንዲህ ያለ ታካሚ ለሚያስታምም ቤተሰብ ነው፤ የመጀመሪያው ሥራ ችግሩ የትኛው እንደሆነ መለየት ነው።

1. ችግሩን ይለዩ

ፈሳሽ እያለፈ ዳቦ፣ ሥጋ ወይም እንጀራ የሚቀረቀር ከሆነ ስፌቱ ጠቦ ሊሆን ይችላል። ይህ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ሳምንታትና ወራት የሚታይ የተለመደ ችግር ነው። ጠጣሩ እያለፈ ውሃው ትን የሚል፣ ድምፅም የጎረነነ ከሆነ ደግሞ የድምፅ አውታርን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ተነክቶ ይሆናል። ሁለት ሦስት ጉርሻ በልቶ ደረቱ ላይ እንደ ድንጋይ የሚከብደው ሰው ጨጓራው ቶሎ እያወረደ አይደለም። ሲያጎነብስ ወይም ሲተኛ ኮምጣጣ ወይም መራራ ፈሳሽ አፉን የሚሞላው ደግሞ ከጨጓራ ወይም ከአንጀት እየተመለሰበት ነው።

ደብተር ይያዙ። ምን እንደበላ፣ ምን ያህል እንደሆነ፣ የት እንደቆመበት (አንገት ወይም ደረት) እና በስንት ደቂቃ እንዳለፈ ይጻፉ። ሐኪሙን «ትንሽ ያስቸግረዋል» ከሚለው ይልቅ «ባለፈው ሳምንት ፍትፍት ይበላ ነበር፣ አሁን አጥሚት ብቻ ነው» የሚለው ይጠቅመዋል። ታካሚዎች ቤተሰብ ላለማስጨነቅ ሲሉ ዝም ብለው ከጠጣር ወደ ለስላሳ፣ ከለስላሳ ወደ ፈሳሽ ይመለሳሉ። ይህን ወደ ኋላ መመለስ የሚያስተውለው ምግብ የሚያቀርበው ሰው ነው፤ የስፌቱ መጥበብ ዋነኛ ምልክትም ይኸው ወደ ኋላ መመለስ ነው።

2. የአበላሉን ሁኔታ ያስተካክሉ

ቀን በሦስት ገበታ ፋንታ ከ6 እስከ 8 ጊዜ በትንሽ በትንሹ ይቅረብለት። መጀመሪያ ላይ አንድ የቡና ሲኒ የሚያክል ይበቃል። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ይብላ፤ ከበላ በኋላም ቢያንስ ለአንድ ሰዓት አይጋደም። ውሃና ሌላ መጠጥ ከምግቡ ግማሽ ሰዓት በፊት ወይም በኋላ ይሁን፤ አብሮ ከተጠጣ ጠባቧ ቦታ ቶሎ ትሞላለች።

ስለ ጉርሻ ሳንናገር አናልፍም። «በሞቴ፣ አንዷን ብቻ» ማለት ፍቅር ነው፤ ይሁንና በደህና ሰው አፍ ልክ የተጠቀለለ ጉርሻ ለዚህ ሰው አደጋ አለው። ማጉረስ ካስፈለገ ከአውራ ጣት ጫፍ አይብለጥ፤ ታኝኮ ተውጦ እስኪያልቅም ሁለተኛው አይቅረብ። ዘመድ ጠያቂ ከመምጣቱ በፊት ይህን ቢነገረው ቅር አይለውም።

3. ሀዋሳ ላይ በቀላሉ የሚገኘውን ይጠቀሙ

ቡላ ለዚህ ሰው ጥሩ ምግብ ነው፤ ሲበስል ልሙጥ ስለሆነ አይቀረቀርም። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቡላ በግማሽ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ይበጥብጡ፤ በቀጥታ ፍል ላይ ከተጨመረ ይጓጉላል፣ ጓሉም ስፌቱ ላይ ይቆማል። ከዚያ ሁለት ብርጭቆ የፈላ ወተት ላይ እያማሰሉ ያፍስሱትና በትንሽ እሳት 10 ደቂቃ ያህል ያብስሉት። ቅቤ አንድ የሻይ ማንኪያ ይጨመርበት። ቡላ ኃይል ይሰጣል እንጂ ፕሮቲን የለውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ በውሃ ብቻ ተሠርቶ ቀን ከቀን ቢሰጥ ቁስል የሚጠገንበት አይገኝም።

ፕሮቲኑን ከሐይቁ ዓሣ ያግኙ። ቆሮሶ በጨውና በትንሽ ዝንጅብል ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቀቀልና ሥጋው በጣት እየተዳሰሰ እሾሁ ይለቀም። ጣት የሚያልፋት እሾህ ስላለች በወንፊት ተጨቁኖ ይጥለልና በመረቁ ይቅጠን። የተጠበሰው ዓሣ ጫፉ ስለሚደርቅ ለጊዜው ይቆይ። አቮካዶ ግማሹን በእርጎ ፈጭቶ መስጠት ይቻላል፤ ከጁስ ቤት የሚመጣ ከሆነ ግን ስኳርና ሽሮፕ እንዳይጨመርበት አስቀድሞ ይነገር።

እንጀራ ለስላሳ ቢመስልም በምራቅ እንደ ሊጥ ይጠቀለላል። ሲፈቀድ በቀጭን ሽሮ ወይም በክክ አልጫ ተፈትፍቶ 10 ደቂቃ ይንፈርና በሹካ ይድቀቅ። ትኩስ ዳቦ፣ ጥብስና ቆሎ የመጨረሻዎቹ ናቸው።

4. ትን ለሚለው

ቀጭን ፈሳሽ ከወፍራሙ ይልቅ ቶሎ ወደ ሳንባ ይገባል። ትንሽ በመጎንጨት፣ አገጭን ወደ ደረት ዝቅ አድርጎ መዋጥ፣ ከዚያ ሳል አድርጎ እንደገና መዋጥ ብዙዎችን ይረዳል። ወፈር ያለ አጥሚትም ከውሃ ይቀላል። አንዳንዱ ሰው ሳይስል ነው የሚገባበት፤ ከበላ በኋላ ድምፁ ውሃ የያዘ የሚመስል ወይም ትኩሳት የሚመላለስበት ከሆነ በአፍ መመገቡን አቁሞ ለሐኪም ያሳይ።

5. ስኳርና እንቅልፍ

ጣፋጭ ነገር ከበላ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ልቡ የሚመታ፣ ሆዱን የሚቆርጠውና የሚያስቀምጠው ከሆነ ምግቡ በፍጥነት አንጀት ውስጥ እየወደቀ ነው። ከ1 እስከ 3 ሰዓት ቆይቶ የሚመጣው ላብና መንቀጥቀጥ ደግሞ ስኳሩ ሲወርድ ነው። ለስላሳ መጠጥ፣ ማርና ስኳር የበዛበት ሻይ ይቀነሱ።

ለመመለሱ ችግር ከመኝታ በፊት ባሉት 3 ሰዓታት ምንም አይብላ። የአልጋው ራስጌ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ በራስጌ በኩል ካሉት የአልጋው እግሮች ሥር ጡብ ማስገባት ይቻላል። ትራስ መደራረብ ሆድን አጥፎ ያባብሰዋል።

6. ሲጠብ

የጠበበ ስፌት በማኘክ ብዛት አይከፈትም። ሐኪሞች በኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ) በአፍ ገብተው በባሉን ወይም በመለጠጫ ቱቦ ያሰፉታል፤ አንድ ጊዜ አይበቃ ይሆናል፣ ብዙ ሰው ይደጋግመዋል። ቶሎ መሄድ ክብደት ከመውረዱ በፊት ያደርሳል። በየሳምንቱ በአንድ ሚዛን ጠዋት ይመዘን። ክኒን የሚቀረቀር ከሆነ ከመፍጨት በፊት ፋርማሲስት ይጠየቅ፤ ለምሳሌ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው የኦሜፕራዞል ካፕሱል ውስጥ ያሉት ፍሬዎች መፈጨት የለባቸውም። ሆድ ላይ የምግብ ቱቦ ካለ ከምግቡ በፊትና በኋላ 30 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውሃ በስሪንጅ ይለፍበት፤ ካልታጠበ ይደፈናል።

ምራቅ እንኳ አልወርድ ካለ በዳቦ ወይም በውሃ ገፍቶ ለማሳለፍ አይሞከር፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂድ። ከማስፋቱ በኋላ የደረት ሕመም፣ ትኩሳት፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የአንገት እብጠት ከመጣ የቧንቧው ግድግዳ ተቀዶ ሊሆን ይችላልና ሌሊትም ቢሆን አይደር። በቅርቡ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ትኩሳት ከያዘው ወይም የአንገት ቁስሉ ከቀላና ፈሳሽ ካወጣም እንዲሁ ነው።

ቀዶ ሕክምናው አዲስ አበባ ተሠርቶ ከሆነ ከሀዋሳ ለክትትል የሚደረገው ጉዞ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከበላ በኋላ ወዲያው መኪና ውስጥ አይግባ፤ ለመንገድ የሚሆን በትንሽ ዕቃ የተቀመጠ ለስላሳ ምግብ፣ የማስታወኪያ ላስቲክ፣ የመውጫ ወረቀቱና ያ ደብተር አብረው ይያዙ።