በነርሲንግ ሆም ላለ የፓርኪንሰን ታማሚ፦ ከሁሉ በፊት ሰዓቱ

ፓርኪንሰን ሲጸና ችግሩ የእጅ መንቀጥቀጥ ብቻ አይሆንም፤ ጡንቻ ይገተራል፣ መዋጥ ይከብዳል፣ ከአልጋ መነሣት ያቅታል። እዚህ ደረጃ ላይ የደረሱ እናትዎ ቀናቸው እንዴት እንደሚውል በአብዛኛው የሚወስነው ዋናው የፓርኪንሰን መድኃኒት ሌቮዶፓ የሚሰጥበት ሰዓት ነው። መድኃኒቱ ደም ውስጥ እንዲቆይ ከሚረዳው ካርቢዶፓ ጋር ሆኖ እንኳ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ግማሹ ከደም ይወጣል። ኪኒኑ ከዘገየ ምሳው ሳይበላ ይነሣል፣ መጸዳጃ ቤት መድረስም አይቻልም።

በአሜሪካ ብዙ ነርሲንግ ሆሞች መድኃኒት የሚያድሉት በዙር ነው፤ ከታዘዘው ሰዓት አንድ ሰዓት መቅደም ወይም መዘግየት እንደ ስሕተት አይቆጠርም። ለኮሌስትሮል ኪኒን ምንም አይደለም፤ ለሌቮዶፓ ግን ብዙ ነው። የሐኪሙ ትእዛዝ «በቀን 4 ጊዜ» የሚል ከሆነ ሰዓቱ ተለይቶ እንዲጻፍና ልዩነቱ ከ15 ደቂቃ እንዳይበልጥ ይጠይቁ። ሲጽፉ በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፉ፦ ጠዋት 7፣ ረፋድ 11፣ ከሰዓት 3፣ ማታ 7። በእኛው 1፣ 5፣ 9 እና 1 ብለው ለነርሷ ከሰጡ የስድስት ሰዓት ስሕተት በገዛ እጅዎ አስገቡ ማለት ነው።

ኪኒኑ ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት ወይም 1 ሰዓት በኋላ ቢዋጥ ይሻላል፤ ፕሮቲን ከአንጀት ወደ ደም ለመግባት ይሻማዋል። ቤተሰብ የሚጠረጥረው ሥጋና ወተትን ነው፤ የጾሙ ሽሮና ምስርም ያው ፕሮቲን ናቸው። ፕሮቲኑን አይቀንሱ፣ ሰውነት ይከሳል፤ ሐኪሙ ከተስማማ አብዛኛውን ወደ እራት ያሸጋግሩት። የብረት ኪኒን ካለ ቢያንስ በ2 ሰዓት ይራቅ። መዋጥ ሲያስቸግር ነርሶች ኪኒን ፈጭተው በአፕል ሶስ ይሰጣሉ፤ ቀስ እያለ የሚለቀቀው ዓይነት ግን አይፈጭም። ምላስ ላይ የሚሟሟ ስላለ እሱን ይጠይቁ።

ማብላት መድኃኒቱ ሲይዝ ነው። ቀጥ ብለው ይቀመጡ፣ አገጫቸው ትንሽ ዝቅ ይበል፣ በሻይ ማንኪያ ግማሽ ግማሽ፤ የመጀመሪያው ሳይዋጥ ሁለተኛው አይከተልም። ጉርሻ እዚህ ላይ ይቅር፤ ትልቁ ጉርሻ ፍቅር ቢሆንም ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ከበሉ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይተኙ ይቆዩ። ድምፃቸው ውሃ እንደያዘ ከተሰማ ማብላቱን አቁመው የመዋጥ ባለሙያ እንዲያያቸው ይጠይቁ። ጥርስና ምላስ በቀን ሁለቴ ይጸዳ፤ የአፍ ባክቴሪያ ከምራቅ ጋር ወደ ሳንባ ሲወርድ የሳንባ ምች ያመጣል።

ሃሎፔሪዶል፣ ሜቶክሎፕራማይድ እና ፕሮክሎርፔራዚን እንዳይሰጧቸው ከአለርጂው ዝርዝር አጠገብ ይጻፍ። ለቅዠት ወይም ለማቅለሽለሽ ተብለው ይታዘዛሉ፤ ሌቮዶፓ አንጎል ውስጥ የሚተካውን ዶፓሚን ስለሚያግዱ ግን በሽታውን ያብሳሉ። በድንገት ቢቃዡ መጀመሪያ የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሆድ ድርቀትና የውሃ እጥረት ይመርመር። እንግሊዝኛው ከጠፋባቸው ደግሞ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ተቋም በነፃ ማቅረብ አለበት።

ሌቮዶፓ በአንዴ አይቋረጥም፣ ሆስፒታል ቢገቡም ቢሆን። ተቋርጦ ትኩሳትና ከባድ መገተር አብረው ከመጡ ጠዋትን አይጠብቁ፤ ወዲያው 911 ይደወል።