ዘጋቢያችሁን ከመሥሪያ ቤት መኪና አስወርዱት

ዛሬ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ እንጂ፣ ሁለት ዓመት በማኅበረሰብ ሬዲዮ በበጎ ፈቃድ ዘግቤያለሁ። ደመወዝ የለውም። አንድ ቀን ራቅ ካለች ቀበሌ ቦኖ ይመረቃል ተብሎ በመሥሪያ ቤት መኪና ወሰዱኝ፤ አበልም ፈረምኩ። ሪባን ተቆረጠ፣ ቧንቧው ተከፈተ፣ ተጨበጨበ። ልንሳፈር ስንል አንዲት እናት ክንዴን ያዝ አድርገው፣ "ልጄ፣ ውኃው ትናንት ማታ በቦቴ መጥቶ ነው" አሉኝ። ሹፌሩ ጡሩምባ ነፋ። በእግር የሦስት ሰዓት መንገድ ነው፤ ተሳፈርኩ። ማታ "ቦኖው ተመረቀ" ብዬ አነበብኩ።

ስለዚህ ዘጋቢ ለመርዳት ካሰባችሁ ከመጓጓዣው ጀምሩ። እኛ አሥራ አንድ ሆነን በየወሩ እናዋጣለን፤ ወጪው ለባጃጅ፣ ለሞተር፣ ለስልክ ካርድና ለአዳር ብቻ ነው። ገንዘብ ያዡ በደብተር ይመዘግባል። ዘጋቢው የት እንደሄደ ይነግረናል፤ ምን እንደሚዘግብ አንጠይቅም። አንዱ አባላችን ሱቁ እንዲወደስለት ፈልጎ ነበር፤ ያዋጣውን ቆጥረን መለስንለት። ማስታወቂያ ያለው ማስታወቂያ ተብሎ ያስነግር፣ ደረሰኝ ይቀበል።

ሁለተኛው እርዳታ ሰነድ መጠየቅ ነው። አዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ የመጠየቅን መብት ለጋዜጠኛ ብቻ አልሰጠም፤ ለእናንተም ነው። ዘጋቢው ብቻውን ሲጠይቅ "ያ ነገረኛ ልጅ" ይባላል፤ አሥር ሰው ሲጠይቅ ግን ማንን ይላሉ? "ስለ ውኃው መረጃ ይሰጠን" ብላችሁ አትጻፉ፤ "የቦኖው የግንባታ ውልና የርክክብ ሰነድ ቅጂ" በሉ። በሁለት ኮፒ አድርጉት፤ በእናንተው ቅጂ ላይ መዝገብ ቤት ቀንና ማኅተም ያሳርፍበት፤ አዋጁ ለመልስ የሰጠውን 30 ቀን የምትቆጥሩት ከዚያ ነው። ከከለከሏችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ እምቢ ካለም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይባላል። ለእንዲህ ያለ ደብዳቤ የኮፒ አላስከፍልም። ለሠርግ ካርድ ግን ምሕረት የለኝም።

ሲሳሳት ደግሞ በቡና ላይ ከማማት ለራሱ ደውሉለት።

ባለፈው ወር የሬዲዮው አዲስ ልጅ ወደዚያችው ቀበሌ ሄዶ ነበር። ማንም አልጠራውም፣ ሪባንም አልነበረም። ጎሕ ሲቀድ ቦኖው ጋ ቆሞ የተደረደረውን ጀሪካን በድምፅ መቅጃው ቆጠረ። ደብተራችን ላይ የተጻፈው "ሞተር፣ ደርሶ መልስ፤ አዳር፣ አንድ ሌሊት" ይላል።