ዋይፋዩ ሙሉ፣ ኢንተርኔቱ ባዶ፦ ለሰሜን ሸዋ ገጠር ቤቶች

አክስቴ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብለው ነው የሚኖሩት። ክረምት ላይ ደወሉና «ልጄ፣ ይሄ ያስገባህልኝ ነገር ጉም ሲመጣ አብሮ ይጠፋል» አሉኝ። መንዝ ላይ ጉም ሲወርድ በሬና ላም አይለይም፤ ብዙ ሰውም እንደሳቸው ነው የሚያስበው። ግን ለ4ጂ ጉም ከቁብ የሚቆጠር ነገር አይደለም። ምክንያቱ ሌላ ነበር፤ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ለዩ። ኢንተርኔቱ ሁለት መንገድ ነው የሚሄደው፦ ከኔትወርክ ታወሩ እስከ ራውተሩ (ሲም ካርድ የሚገባበት የዋይፋይ ሳጥን)፣ ከዚያ ከራውተሩ እስከ ስልካችሁ። የተበላሸው የትኛው ነው?

ስልኩ ላይ ዋይፋዩ ሙሉ ነው፣ ግን ምንም አይከፍትም

ስልኩ ላይ የምታዩት የዋይፋይ ምልክት ስለ ሁለተኛው መንገድ ብቻ ነው የሚነግራችሁ። ራውተሩ ራሱ ከታወሩ ምንም ላያገኝ ይችላል። ስለዚህ ስልኩን ተዉትና የራውተሩን የኔትወርክ መብራት እዩ። አንድ ብቻ ከበራ ወይም ቀይ ከሆነ ችግሩ የመጀመሪያው መንገድ ላይ ነው። (በቅድሚያ ግን ፓኬጁ እንዳላለቀ እዩ። አትሳቁ፣ እኔም ግማሽ ቀን ራውተር ስነካካ ውዬ ያለቀው ፓኬጁ ነበር።)

አክስቴ ቤት ስደርስ ራውተሩ ቡፌው ላይ ነው፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ። ከላዩ ዳንቴል ለብሷል። ግድግዳው ወፍራም የድንጋይ ግንብ፣ ጣራው ቆርቆሮ። እዚያ ድረስ ሲግናል የሚገባው በአንድ መስኮት ብቻ ነበር። መስኮቱ ደግሞ የቆርቆሮ ነው። ጉም ሲመጣ ይበርዳል፣ ሲበርድ አክስቴ መስኮቱን ይዘጋሉ፣ ኢንተርኔቱም አብሮ ይዘጋል። ብረት ሲግናልን ይመልሳል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

መፍትሄው ብር አላስወጣንም። ራውተሩን በዲቫይደር ይዘን በየጥጉ ዞርን። በየቦታው ሁለት ሁለት ደቂቃ አቆየነው። በመጨረሻ ከበሩ በላይ ያለችው ትንሽ የመስታወት መስኮት ተሻለች፤ እዚያው መደርደሪያ መታንለት። ዳንቴሉ ወደ ቴሌቪዥኑ ተዛወረ። ራውተር ይሞቃል፣ ሲታፈን ደግሞ ይጠፋል።

በመብራቱ ብቻ መገመት ካልፈለጋችሁ ራውተሩ ሆድ ላይ የተለጠፈውን አድራሻ ስልካችሁ ላይ ጻፉና ግቡ። አብዛኛውን ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.8.1 ነው። አርኤስአርፒ (RSRP) የሚል ቁጥር ፈልጉ፤ ከታወሩ የሚደርሰው ሲግናል ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ የሚናገር ነው። ከዜሮ በታች ስለሚቆጠር -90 ከ-110 ይሻላል። -90 አካባቢ ካገኛችሁ ጥሩ ነው። ከ-110 በታች ከወረደ ቦታ ቀይሩ።

ድሮ ጥሩ ነበር፣ ከዓመት ዓመት እየደከመ መጣ

ወደ ውጭ ውጡና ወደ ታወሩ አቅጣጫ እዩ። ባህር ዛፍ አለ? ስትተክሉት ቁመቱ ጉልበታችሁ ጋ ነበር፤ አሁን ከጣራው በላይ ነው። ቅጠል፣ በተለይ ዝናብ ያራሰው ቅጠል፣ ሲግናል ይበላል። ዛፉን ቁረጡ አልልም፣ እሱም ገንዘብ ነው። የውጭ አንቴና ገዝታችሁ ረዘም ያለ እንጨት ላይ ስቀሉት። ራውተራችሁ የአንቴና መሰኪያ እንዳለው አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ገመዱ ባጠረ ቁጥር ይሻላል፤ ረጅም ገመድ ከፍታ ላይ ያገኛችሁትን መልሶ ይበላዋል።

ቤታችሁ ሸለቆ ውስጥ ከሆነና ጋራው ታወሩን ከሸፈነው ግን አንቴናም ብዙ አይረዳም። ከጣርማ በር ቁልቁል ያላችሁ ይሄን ታውቁታላችሁ። ከሌላ አቅጣጫ የሚታይ ታወር ካለ አንቴናውን ወደዚያ አዙሩ።

ማታ ማታ ይንቀራፈፋል

ሌሊት 11 ሰዓት ተነስታችሁ ሞክሩት። ያኔ ከበረረ፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ ደግሞ ከተጎተተ፣ ታወሩ ላይ ሰው በዝቷል ማለት ነው። እቤት ውስጥ የምትጠግኑት ነገር የለም። ከባድ ነገር ጎህ ሳይቀድ አውርዱ።

አንዳንዴ ደግሞ ችግሩ የስሌት ነው። ፍጥነት የሚሸጠው በሜጋ ቢት፣ ፋይል የሚለካው በሜጋ ባይት ነው። 8 ቢት 1 ባይት ስለሆነ፣ በ4 ሜጋ ቢት መስመር 100 ሜጋ ባይት ለማውረድ 200 ሰከንድ ይፈጃል። አልተታለላችሁም።

ራውተሩ በራሱ ይጠፋል፣ ይበራል

የቤቱ ኮረንቲ ይዋዥቃል፣ አለዚያም አዳፕተሩ ደክሟል። ብዙ ራውተር በ12 ቮልት፣ በ1 አምፔር ይሠራል። አዳፕተሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡና ተመሳሳዩን ለውጡ። መብራት ለሚጠፋበት ጊዜ ደግሞ ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ 5 ሰዓት ያህል ያቆየዋል። ግን በቀጥታ አታያይዙት፤ ቻርጅ ላይ ያለ ባትሪ ከ14 ቮልት በላይ ይወጣል። መሃል ላይ ቮልቴጅ የሚያስተካክል ይግባ። መብራት ረጅም ሰዓት ከጠፋ የታወሩም ባትሪ ያልቃል፤ ያኔ የእናንተ ባትሪ ራውተር ከማብራት አያልፍም።

ገመድ የገባላችሁ ከሆነ

ፋይበር ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ብዙ ጊዜ ገመዱ ታጥፏል ወይም አይጥ በልቶታል። ከልክ በላይ የተጠመዘዘ ካለ ዘርጉት። ከተበጠሰ በፕላስተር አይቀጠልም፣ የራሱ ማሽን አለው። ጫፉን በዓይናችሁ አትመልከቱ። በድሮው የስልክ ሽቦ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ርቀት ይገድለዋል፤ ከጣቢያው 4 እና 5 ኪሎ ሜትር የራቀ ቤት በዚያ ሽቦ ፈጣን ኢንተርኔት አይጠብቅ።

ይሄ ሁሉ ካልሠራ ወደ ደንበኞች አገልግሎት ደውሉ፤ ለኢትዮ ቴሌኮም 994 ነው። «ኔትወርክ የለም» ብቻ ካላችሁ «አጥፍታችሁ አብሩት» ትባላላችሁ። የትኛው መብራት ምን ቀለም እንዳለው፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሆነና ጎረቤትም እንደጠፋበት ንገሯቸው። አቤቱታችሁ የተመዘገበበትን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉት። አክስቴ የሚጽፉት የቀን መቁጠሪያው ጀርባ ላይ ነው።